ኔግሪቶ፦ በሞንቴቪዲዮ ቁልምጫ፣ በእንግሊዝ የ3 ጨዋታ ቅጣት

ኖቬምበር 29 ቀን 2020 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ማንቸስተር ዩናይትድ በሳውዝሃምፕተን ሜዳ 2 ለ 0 ተመርቶ ለእረፍት ወጣ። ከእረፍት መልስ ኡራጓያዊው አጥቂ ኤዲንሰን ካቫኒ ተቀይሮ ገባ። አንዷን ለብሩኖ ፈርናንዴዝ አመቻቸ፣ ሁለቱን ራሱ አስቆጠረ፣ ጨዋታው 3 ለ 2 ተገለበጠ። ከጨዋታው በኋላ በኢንስታግራም «እንኳን ደስ አለህ» ላለው አንድ ወዳጁ ሁለት ቃል መለሰለት፦ «ግራሲያስ ኔግሪቶ»። የመጀመሪያዋ «አመሰግናለሁ» ናት። ሁለተኛዋ 3 ጨዋታ እና 100 ሺህ ፓውንድ አስከፈለችው።

ያኔ የእኛ ሰፈር ክርክር ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የዩናይትድ ደጋፊው «ለጓደኛው በፍቅር የተናገረው ነው፣ እንግሊዞች ምን አገባቸው» ይላል። የሊቨርፑል ደጋፊው ደግሞ «እንዴ! ሱዋሬዝ ሲለው 8 ጨዋታ፣ ካቫኒ ሲለው ፍቅር?» ብሎ የቆየ ቂሙን ያነሳል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ግን ወደ ቃሉ አገር መሄድ የግድ ነው።

«ኔግሮ» በስፓኒሽ ጥቁር ማለት ነው፤ ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ድመት የሚባልበት ተራ ቃል። «ኢቶ» ደግሞ መጨረሻው ላይ የምትቀጠል ጭራ ናት። ነገሩን ታሳንሳለች፣ ታለሰልሳለችም። እኛ «እናትዬ»፣ «ማሙዬ» ስንል «ዬ» የምትሠራውን ዓይነት ሥራ ትሠራለች። ቡና «ካፌ» ነው፤ «ካፌሲቶ» ሲባል ግን ሲኒው ትንሽ ነው ለማለት ሳይሆን «ና ቁጭ በል፣ እናውጋ» እንደማለት ነው። «ጎርዶ» ወፍራም ነው፣ «ጎርዲቶ» ደግሞ ሚስት ባሏን የምትጠራበት ነው፤ ባልየው የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ቢሆንም።

ስፓኒሽ የሚናገር አገር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ጉዳያችን ያለው በላ ፕላታ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ እና በኡራጓይዋ ሞንቴቪዲዮ ነው። በዚያ አካባቢ ሰውን በመልኩ መጥራት እንደ ሰላምታ የተለመደ ነው። በ1978 አርጀንቲናን የዓለም ዋንጫ ያስበላት አሠልጣኝ ሜኖቲ «ኤል ፍላኮ» ነበር፤ ቀጫጫው። አሠልጣኙ ማርሴሎ ቢዬልሳ «ኤል ሎኮ» ነው፤ እብዱ። ሜሲ ልጅ ሆኖ «ላ ፑልጋ» የሚል ስም ወጣለት፤ ቁንጫው። «ኤል ኔግሮ» የሚባሉትም ብዙ ናቸው፤ እንግዳ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። በ1986 ማራዶና እንግሊዝን አንድ በአንድ እያለፈ ያስቆጠራትን ግብ ስታስቡ፣ ከመነሻው ኳሷን ያቀበለው ተጫዋች ሄክቶር ኤንሪኬ ነው፤ አርጀንቲናዎች «ኤል ኔግሮ ኤንሪኬ» ይሉታል። ዝነኛዋ ዘፋኝ ሜርሴዴስ ሶሳ ዕድሜዋን ሙሉ «ላ ኔግራ» ስትባል ኖራለች፤ የዘር ሐረጓ ግን የሚመዘዘው ከአፍሪካ ሳይሆን ከአገሬው ቀደምት ሕዝብ ነው። ፀጉሯ ጥቁር፣ ቆዳዋ ጠይም ነበር፤ በቃ።

ስለዚህ የኡራጓይ ብሔራዊ የቋንቋ አካዳሚ በ2021 መጀመሪያ ላይ ካቫኒን ደግፎ መግለጫ ሲያወጣ ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም። መግለጫው «ኔግሪቶ» የወዳጅነት ቃል መሆኑን፣ የሚጠራው ሰው ጥቁር መሆን እንኳ እንደማያስፈልገው ጠቅሶ፣ የእንግሊዝን እግር ኳስ ማህበር ቋንቋውንም ባህሉንም ሳያውቅ ፈረደ ብሎ በጠንካራ ቃል ወቀሰ። የደቡብ አሜሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም ከተጫዋቹ ጎን ቆመ። አንድ የቋንቋ አካዳሚ በአጥቂ ቅጣት ምክንያት መግለጫ ሲያወጣ እኔ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ አገሩን ምን ያህል እንደቆረቆረው ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ሌላው ኡራጓያዊ፣ ወደ ሊቨርፑሉ አጥቂ ሉዊስ ሱዋሬዝ እንሂድ።

ኦክቶበር 15 ቀን 2011፣ ቅዳሜ፣ አንፊልድ፤ ሊቨርፑል ከማንቸስተር ዩናይትድ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ ላይ የተጀመረ ጨዋታ ነበር፤ ዲኤስቲቪ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የማየውን ያየሁት በሰው ትከሻ መሃል ነው። ውጤቱ 1 ለ 1፤ ጄራርድ በቅጣት ምት፣ ሄርናንዴዝ በጭንቅላት። በ58ኛው ደቂቃ ሱዋሬዝ የዩናይትዱን ጥቁር ተከላካይ የኤቭራን ጉልበት መታው። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለማዕዘን ምት ሲሰለፉ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ቀስ ብለው በስፓኒሽ መነጋገር ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ የሚሉትን የሚያውቅ ግን ቤቱ ውስጥ አንድም አልነበረም።

በኋላ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ኮሚሽን ያወጣው 115 ገጽ ውሳኔ የዚያችን ደቂቃ ወሬ እንደ አውጫጭኝ ቃል በቃል ይተነትናል። ንግግሩን በስድብ የከፈተው ኤቭራ ራሱ ነበር፤ የሱዋሬዝን እህት ገላ የሚያነሳ፣ በላ ፕላታ አገር እንደ ትንፋሽ የሚወጣ ስድብ። ሱዋሬዝ አልሰማሁም ብሏል። ከዚያ ኤቭራ «ለምን መታኸኝ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ በኤቭራ አባባል መልሱ «ፖርኬ ቱ ኤሬስ ኔግሮ» ነበር፤ ጥቁር ስለሆንክ። በሱዋሬዝ አባባል ደግሞ ቃሏን የተናገራት አንዴ ብቻ ነው፤ ኤቭራ «አትንካኝ» ሲለው «ፖርኬ፣ ኔግሮ?» ብሎ ነው የመለሰው፤ ለምን፣ ወዳጄ?

ነገሩ ያለው እዚህች ላይ ነው። በስፓኒሽ «ስለ…» እና «ለምን» የሚባሉት ቃላት በጽሑፍ ይለያሉ እንጂ በድምፅ የሚለያቸው ድምፁ የሚጠብቅበት ቦታ ብቻ ነው። ፖርኬ እና ፖርኬ። የመጀመሪያው ላይ ካረፍክ ምክንያት ትሰጣለህ፣ የመጨረሻው ላይ ካረፍክ ትጠይቃለህ። እኛ «አለ» ስንል ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» እንደሚሆነው። በጫጫታ ውስጥ፣ በሁለት ሰው መሃል በተባለች አንዲት ቃል ላይ ስምንት ጨዋታ ተንጠለጠለ።

የኡራጓይን ስፓኒሽ የሚያውቁ ሰዎች ሌላም ክር መዘዙ። «አንተ ነህ» በመጽሐፉ ስፓኒሽ «ቱ ኤሬስ» ነው፤ በላ ፕላታ ግን «ቮስ ሶስ» ይባላል። ታዲያ ያ ሰው ተናደደ በተባለበት ሰዓት እንዴት የመጽሐፉን ቋንቋ ተናገረ? ኤቭራ የሰማውን በሚያውቀው ስፓኒሽ መልሶ ነው የተናገረው ወይስ ተሳስቷል? ጎንደሬ ተናገረው የተባለ ቃል በሸዋ አነጋገር ሲጠቀስ እንደሚያጠራጥረው ዓይነት ነው። የሚናቅ ክርክር አልነበረም።

ሆኖም ሱዋሬዝን ያሰመጠው የቋንቋው ትንተና ራሱ ነው። ኮሚሽኑ ከማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሁለት የላቲን አሜሪካ ባለሙያዎች አስጠርቶ ነበር። ባለሙያዎቹ ቃሉ በኡራጓይ ለወዳጅ እንደሚባል አልካዱም። ያሉት ይህን ነው፦ ሱዋሬዝ እንደሚለው ከተባለ እዚያ አገር ስድብ ላይሆን ይችላል፤ ኤቭራ እንደሚለው ከተባለ ግን በኡራጓይም ስድብ ነው። ከዚያ ኮሚሽኑ ሁኔታውን መረመረ። ሱዋሬዝ በዚያች ሰዓት የኤቭራን ክንድ ቆንጥጦታል። ነገሩን ለማብረድ ነው ብሎ ነበር፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያዝ ግን ይህን መልስ ይዞ መዝለቅ አልቻለም። በመጨረሻ ኮሚሽኑ ቃሉ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ 7 ጊዜ ተነግሯል ብሎ ወሰነ፤ 8 ጨዋታ እና 40 ሺህ ፓውንድ።

እኔ ይህን ውሳኔ ሳነብ የመጣልኝ ታክሲ ነው። ረዳቱና ተሳፋሪው በሁለት ብር መልስ ይጨቃጨቃሉ። ድምፅ ከፍ ይላል። ከዚያ ተሳፋሪው ወደ ረዳቱ ጠጋ ብሎ በጥርሱ መሃል «ስማ ወንድሜ» ይላል። በዚያ ሰዓት ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቡጢ ሊከተል እንደሚችል ያውቃል። መዝገበ ቃላት አምጥቶ «ወንድም ማለት የእናት ልጅ ነው፣ ይህ የፍቅር ቃል ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው ቢነሳ ይሳቅበታል። አማርኛ የማያውቅ ፈረንጅ ሊሸወድ ይችላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን አይሸወድም። «በእኛ አገር ቁልምጫ ነው» የሚለው መከላከያ የሚሠራው ያን አገር ለማያውቅ ሰው ነው።

በኔ አስተያየት ሱዋሬዝ የተቀጣው ተገቢ ነው። የካቫኒ ግን ሌላ ነው። ካቫኒ ጠብ ውስጥ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ሰው እያመሰገነ ነበር፤ ቃሏንም በቁልምጫ ጭራዋ ነው የጻፋት። ኮሚሽኑም ተጫዋቹ ለማስቀየም አስቦ እንዳላደረገው ተቀብሏል። የእንግሊዙ ደንብ ግን የተናጋሪውን ሐሳብ አይመዝንም፤ ነገሩን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ተራ ሰው ምን ይሰማዋል ብሎ ነው የሚጠይቀው። ኢንስታግራም ላይ ደግሞ ተራው ሰው ኡራጓያዊ አይደለም። ሞንቴቪዲዮ ካፌ ውስጥ የተባለ ቢሆን ኖሮ እዚያው ከሲኒው ጋር ይታጠብ ነበር። ስልክ ላይ ሲጻፍ ግን ሎንዶን ያለው ጥቁር ልጅም፣ አዲስ አበባ ያለው የዩናይትድ ደጋፊም እኩል ያነበዋል። ካቫኒ ቅጣቱን አልተስማማሁበትም ግን አከብረዋለሁ ብሎ ተቀበለ። 3 ጨዋታ ከበደ እላለሁ፤ ጠርቶ መምከር በበቃ ነበር።

እስካሁን የጻፍኩት ግን ለኡራጓዮቹ ያደላል። አካዳሚው መግለጫው ላይ ያላሰፋው ሌላ ገጽ አለ።

ሞንቴቪዲዮ ከ1791 ጀምሮ በባሪያ ፍንገላ የታወቀች ወደብ ነበረች። የኡራጓይ ኳስ ገና ከማለዳው በነዚያ ሰዎች ልጆች እግር የቆመ ነው። በ1916 በመጀመሪያው የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና ኡራጓይ ቺሊን 4 ለ 0 ስትረታ ኢሳቤሊኖ ግራዲን ሁለት አገባ፤ ቺሊዎች «አፍሪካውያን አሰልፈውብናል» ብለው ጨዋታው ይሰረዝልን አሉ። ሆሴ ሊያንድሮ አንድራዴ በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ፈረንሳዮችን አፍ አስከፍቶ «ጥቁሩ ድንቅ» የሚል ስም አተረፈ። በ1950 ማራካኛ ላይ፣ ከ170 ሺህ በላይ ብራዚላዊ ፊት፣ ብራዚል ቀድማ ስታገባ ኳሷን በብብቱ ይዞ ቀስ እያለ ከመስመር ዳኛው ጋር እየተከራከረ ስታዲየሙን ያቀዘቀዘው አምበል ኦብዱሊዮ ባሬላ ነው። ጨዋታው 2 ለ 1 በኡራጓይ አሸናፊነት አለቀ። ስሙ «ኤል ኔግሮ ኼፌ» ነው፤ ጥቁሩ አለቃ። ይህን ስም ኡራጓዮች ሲጠሩት እንደ ፉከራ ነው።

በዚያው አገር ግን ጉልበት የሚጨርስ ሥራ የሠራ ሰው «እንደ ኔግሮ ሠራሁ» ይላል። በ2013 የኡራጓይ ጥቁሮች ማዕከል ይህ አባባል ከስፓኒሽ መዝገበ ቃላት እንዲወጣ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት አገሪቱ ከመንግሥት ክፍት የሥራ ቦታዎች ከመቶ 8ቱ ለአፍሪካ ዝርያ ዜጎች እንዲያዝ በሕግ ደነገገች፤ ሁሉ በፍቅር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሕግ ማን ያስብ ነበር? ወንዙን ተሻግሮ በቦነስ አይረስ ደግሞ በ1940ዎቹ ከክፍለ ሀገር ሥራ ፍለጋ የመጣውን ጠይም ድሃ «ካቤሲታ ኔግራ» ይሉት ነበር፤ ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነ የትንሽ ወፍ ስም ነው። አሁንም «ቆዳው ሳይሆን ነፍሱ ጥቁር ነው» የሚል አባባል አለ፤ ለድሃ፣ ለባለጌ፣ ለሰፈር ዱርዬ። እነዚህን የሚናገረውና ሚስቱን «ኔግሪታ» ብሎ የሚያቆላምጠው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አፉ አንድ ነው።

ታዲያ ቃሉ ፍቅር ነው ወይስ ንቀት? ተብሎ መጠየቁ ራሱ ያሳስታል ባይ ነኝ። ቃሉ ሁለቱንም አዝሎ ይዞራል፤ የትኛውን እንደሚያወርድ የሚወስነው ማን፣ ለማን፣ የት እንዳለው ነው። እኔ ሌላ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ፍቅር ነው ብሎ የሚመሰክረው ሁልጊዜ ጠሪው ነው። ተጠሪው ሲጠየቅ ብዙ አይሰማም።

ከካቫኒ መልእክት ዘጠኝ ቀን በኋላ ፓሪስ ላይ ይህንኑ ነገር በሌላ ቋንቋ አይተነዋል። ዲሴምበር 8 ቀን 2020፣ ፒኤስጂ ከኢስታንቡል ባሻክሼሂር፤ ሮማኒያዊው አራተኛ ዳኛ የባሻክሼሂርን ምክትል አሠልጣኝ ፒዬር ዌቦን ለመሃል ዳኛው ሲያመለክት በቋንቋው «ያ ጥቁሩ» አለ። «ኔግሩ» የሮማኒያ ተራ ቃል ነው፤ ቁልምጫም ስድብም አልነበረም። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የነበረው ዴምባ ባ ግን ነጭ ሰው ስትጠቁም «ያ ነጩ» አትልም፣ ጥቁሩን ለምን «ያ ጥቁሩ» አልክ ብሎ አፋጠጠው። ተጫዋቾቹ ሜዳውን ለቀው ወጡ፤ ጨዋታው በማግስቱ በሌሎች ዳኞች ተጠናቀቀ። ያ ጥያቄ ከሁሉም ውሳኔዎች በላይ ነገሩን ያቀረበልኝ ነው፤ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

አማርኛችንም ከዚህ ነፃ አይደለም። ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ የቀይ ዳማ ዘለላ እያልን ቆዳን እንደ ጨርቅ ቀለም እየለየን ነው ያደግነው። «ጥቁሬ» የሚባል ጓደኛ የሌለው ሰፈር ያለ አይመስለኝም፤ ያም ስም በአብዛኛው ኔግሪቶ ነው። ግን በስንት ቤት ነው ከወንድሞቹ ጠቆር ያለው ልጅ «ባሪያው» ሲባል ያደገው? አያት እያቀፈች ትለዋለች፣ በፍቅር። ይቺን ቃል ግን በገበያ የተሸጡ ሰዎች ተሸክመዋታል፤ ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ጠብ ሲነሳ ትወረወርባቸዋለች። ስለ ሱዋሬዝ ሲወራ የምንቆጣው ሰዎች ስለ አያታችን ሲወራ «እሷ እኮ በፍቅር ነው» እንላለን። የኡራጓይ አካዳሚ ያለውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን ደግሞ ተጠሪ መሆንን ቀምሰውታል። «ኩሺ» በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የኩሽ ሰው ማለት ነው፤ በኤርምያስ 13፥23 የአማርኛው መጽሐፍ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ የተረጎመው ቃል ይኸው ነው። በዘመናዊ ዕብራይስጥ አንዳንድ ሽማግሌ «በኛ ጊዜ ተራ ቃል ነበር» ይላል። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተባለበት ልጅ ግን ትርጉሙን ከኤርምያስ አልተማረውም።

ጉዳዩ ከካቫኒ ጋርም አልተዘጋም። በ2024 ሌላው ኡራጓያዊ፣ የቶተንሃሙ ሮድሪጎ ቤንታንኩር፣ ለአገሩ ቴሌቪዥን ስለ ደቡብ ኮሪያዊው የቡድን ጓደኛው ሶን ሲጠየቅ ሁሉም ይመሳሰላሉ የሚል ቀልድ ቀለደ። 7 ጨዋታ እና 100 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። እዚህ ላይ የቁልምጫ ጭራ እንኳ አልነበረም፤ ቀልዱ በሞንቴቪዲዮ ሳሎን የተለመደ መሆኑ ብቻ ነው የነበረው። ሶን ይቅርታውን ተቀብሎ አብሮት መጫወቱን ቀጠለ።

የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ይሠራል። ባልደረቦቹ ግማሹ ሐበሻ፣ ግማሹ ከኤል ሳልቫዶር ነው። እዚያ የሚሰማው ቃል «ሞሬኖ» ነው፤ ጠይም እንደማለት፣ ከ«ኔግሮ» ይለሰልሳል ተብሎ የሚመረጥ። የማታ ተረኛው ሳልቫዶራዊ አምስት ዓመት «ሞሬኖ» ሲለው እሱም «ጎርዶ» እያለ ይመልስለታል፤ ምሳ ይካፈላሉ፣ ተራ ይቀያየራሉ። አንድ ቀን ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ አዲስ ኃላፊ ይህንኑ ሰምቶ «ሞሬኖ፣ ያቺን መኪና አምጣ» አለው። መኪናዋን አመጣለት፤ ቁልፉን ሲያስረክብ ግን ደረቱ ላይ ያለውን የስም ባጅ በጣቱ ነካ ነካ አደረገለት።